ከእንስሳ የተቀዱ ማሽኖችና ስለ እንስሳው የሚሰጡት ምስክርነት

መሐንዲሶች የእንስሳትንና የዕፅዋትን አካል መርምረው፣ ያዩትን አሠራር ወደ መሣሪያ፣ ወደ ሕንፃና ወደ ሮቦት የሚያሸጋግሩበት የዕውቀት ዘርፍ ባዮሚሜቲክስ ይባላል። ይህ ዘርፍ ለሕዝብ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ በሚያስደንቁ ምሳሌዎች ነው፤ ወፍ አውሮፕላንን አስገኘች፣ ምስጥ ሕንፃ አስተማረ፣ ጥንዚዛ ከጉም ውኃ መቅዳትን አሳየች ይባላል። አቀራረቡ ልብ የሚስብ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጉዳይ ይሸፍናል። ከተፈጥሮ ተቀዱ ከሚባሉት ሥራዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት የተመሠረቱት ስለ እንስሳው በተያዘ ያልተሟላ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ በተሳሳተ ግንዛቤ ላይ ነው፤ ስህተቱም የታወቀው ሥራው ተጠናቅቆ ከቆመ በኋላ ነው። ስለሆነም ከእንስሳ መቅዳት ሰው ወስዶ ብቻ የሚሄድበት መንገድ ተደርጎ መታየት የለበትም። የተሠራው ማሽን ተመልሶ ሰው ስለ እንስሳው አውቄአለሁ ያለውን ነገር ይፈትናል፤ ማሽኑ እንቢ ካለ፣ ወይም ከእንስሳው በተለየ መንገድ ከሠራ፣ ያልታየ ነገር መኖሩን ይመሰክራል። የዚህ ዲስኩር ዋና ጉዳይም ይኸው ምስክርነት ነው።

የበረራ ታሪክ ለዚህ የቆየ ማስረጃ ይሆናል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1505 ገደማ ስለ ወፎች በረራ ባዘጋጀው ማስታወሻ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) ወፍ ነፋስን እንዴት እንደምትጠቀም በጥንቃቄ መርምሮ ነበር፤ ነገር ግን ከነደፋቸው የበረራ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሰው በገዛ ጉልበቱ ክንፍ እያርገበገበ እንዲነሣ የሚጠይቁ ስለነበሩና የሰው ጡንቻ ከክብደቱ አንጻር ያን ያህል ኃይል ስለማያወጣ፣ ከመሬት ሊነሡ የሚችሉ አልነበሩም። ወፍ በአንድ ክንፍ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ አካሏን በአየር ላይ ትሸከምበታለች፣ ወደፊትም ትገፋበታለች። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ በ1799 እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለይቶ፣ መሸከሙን ለማይንቀሳቀስ ክንፍ፣ መግፋቱን ደግሞ ለሌላ መሣሪያ መስጠት እንደሚቻል አመለከተ። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ሽመላዎችን ለዓመታት ተከታትሎ በ1889 የወፍ በረራ የሰው በረራ መሠረት መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ ከ1891 ጀምሮ በገዛ እጁ በሠራቸው ሞተር አልባ ተንሳፋፊዎች ከኮረብታ እየተነሣ ደጋግሞ በረረ፤ በ1896 ግን ተንሳፋፊው ሚዛኑን ስቶ በመውደቁ ሕይወቱ አለፈ። ዊልበር ራይት ከወፍ የፈለገውም ይህንኑ የጎደለ ነገር ነበር። አሞሮች ነፋስ ሲያናውጣቸው የክንፋቸውን ጫፍ ጠምዘዝ አድርገው ሚዛናቸውን እንደሚመልሱ ካስተዋለ በኋላ፣ ከወንድሙ ከኦርቪል ጋር የአውሮፕላኑን ክንፍ በገመድ የሚጠመዝዝ ዘዴ ፈጠረ። በታኅሣሥ ወር 1903 የተደረገው የመጀመሪያው በሞተር የታገዘ በረራ የቆየው 12 ሰከንድ፣ የሄደውም 37 ሜትር ያህል ነው። ላባውና ማርገብገቡ ወደ ጎን ተትተው ሚዛን አጠባበቁ ብቻ ተወሰደ፤ ሊዮናርዶን ያሰናከለው ይህን መለየት አለመቻሉ ነበር።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የተወሳሰበ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል በ1941 በልብሱና በውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን፣ በኢትዮጵያ ጭጎጎት ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል የዱር ተክል ፍሬ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በጫፉ ላይ የቆለመሙ ጥቃቅን መንጠቆዎችን አየ፤ ከዚያም ቬልክሮ የተባለው፣ ዛሬ በጫማና በቦርሳ ላይ የሚገኘው መያዣ ተወለደ። ጃፓናዊው መሐንዲስ ኤይጂ ናካትሱም ፈጣን ባቡር ወደ ዋሻ ሲገባ ከፊቱ የሚጠቀጠቀው አየር በሌላው የዋሻ አፍ የሚፈጥረውን ፍንዳታ መሰል ድምፅ ለመቀነስ፣ ውኃ ሳትረጭ ወደ ወንዝ የምትጠልቀውን ዓሣ አዳኝ ወፍ ምንቃር ተመልክቶ በ1997 ሥራ የጀመረውን ባቡር አፍንጫ አሹሎ አስረዘመው። በሁለቱም ዘንድ ቅርጹ ራሱ ሥራውን ስለሚሠራ፣ ቅርጹን መቅዳት በቂ ሆኗል። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን እንደዚህ በቀላሉ አይገኝም።

ጌኮ የሚባለው የእንሽላሊት ወገን በለሰለሰ መስታወት ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ጣሪያ ላይም ተገልብጦ ይሮጣል። ይህን እንዴት እንደሚያደርግ ለማስረዳት ሊቃውንት ለረዥም ዘመን ብዙ መላ ምት ሰንዝረዋል። እግሩ አየር መጥጦ የሚይዝ ነው ያሉ ነበሩ፤ አየር በተወገደበት ዕቃ ውስጥ ሲሞከርም መያዙን አለመልቀቁ ይህን ውድቅ አደረገው። ሙጫ ያመነጫል ተባለ፤ በጣቶቹ ላይ ግን ሙጫ የሚያመነጭ ዕጢ አልተገኘም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያሳየው ሌላ ነገር ነው። ቶኬይ በተባለው ትልቅ የእስያ ጌኮ በአንድ እግር ሥር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፀጉር መሰል ዘንጎች አሉ፤ የእያንዳንዱ ርዝመት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ሲሆን፣ የተሠራውም ኬራቲን ከሚባለው፣ የሰው ጥፍርና ፀጉር ከተሠራበት የፕሮቲን ዓይነት ነው። የዘንጉ ጫፍ እንደገና በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ይከፈላል፤ የቅርንጫፉም ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ስፋቱ 200 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ኬላር ኦተም፣ ሮበርት ፉልና ባልደረቦቻቸው በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከእነዚህ ዘንጎች አንዱን ብቻ ነጥለው ኃይሉን ለኩ። ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር፤ ከዚህም በላይ የተነጠለው ዘንግ በመጀመሪያ አልጣበቅ አለ። አካሉ ሙሉ በሙሉ በእጃቸው ነበር፤ የጎደለው እንስሳው እግሩን የሚያስቀምጥበት አኳኋን ነበር። ጌኮ እግሩን ሲያሳርፍ ቅድሚያ በቀስታ ይጫናል፣ ከዚያም ወደ ኋላ በጥቂቱ ይጎትታል፤ ተመራማሪዎቹ ዘንጉን እንዲሁ ጫን ካደረጉ በኋላ በማይክሮሜትር በሚለካ ርቀት ሲጎትቱት ያዘ፣ የያዘበትም ኃይል የአንዲት ጉንዳን ክብደት የሚያነሣ ሆነ። ዘንጉ ከግድግዳው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ያለ አንዳች ትግል ይለቃል። በ2002 የወጣው ቀጣይ ጥናት የመያዙን ምክንያት ለይቶ አሳየ። ጌኮ ውኃ በሚስብም ሆነ ውኃ በማይቀበል ገጽ ላይ እኩል የሚጣበቅ በመሆኑ፣ ኃይሉ የሚመነጨው በኬሚካል ውሕደት ወይም በእርጥበት ሳይሆን ቫን ደር ቫልስ ከሚባለው፣ እጅግ ተቀራርበው ባሉ ሞለኪውሎች መካከል ከሚፈጠር ደካማ መሳሳብ ነው። መሳሳቡ ለየብቻው ደካማ ቢሆንም፣ ጫፎቹ በመቶ ሚሊዮኖች ሲቆጠሩ ድምሩ የእንስሳውን ክብደት ብዙ ጊዜ እጥፍ ይሸከማል። ከዚህም የተነሣ የሞተ ጌኮ እግር እንኳ ሲጎተት በሕይወት እንዳለው ያህል እንደሚይዝ በ2014 በሙከራ ተረጋግጧል፤ ለመያዝ ጉልበት አይወጣም፣ ነርቭም አያዝም፤ የቁሱ አሠራር ብቻውን ይበቃል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በማርክ ኩትኮስኪ ቤተ ሙከራ የተሠራው ስቲኪቦት የተባለ ሮቦት በ2006 መስታወት ላይ የወጣው በዚህ ዕውቀት ነው። መሐንዲሶቹ የጌኮን ፀጉር በናኖሜትር ደረጃ መሥራት ስላልቻሉ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ጥቃቅን የጎማ ዘንጎችን ሠሩ፤ ወደ ታች ሲጎተቱ ይይዛሉ፣ ከተቃራኒው ሲነሡ ይለቃሉ። ከእንስሳው የተወሰደው ዋና ነገር የአቅጣጫው ምሥጢር ነው። ከሙጫ የሚልቀውም በዚህ ነው፤ ኃይለኛ ሙጫ ያለው ሮቦት እግሩን ለማንሣት የሚያወጣው ጉልበት ከመውጣቱ ጉልበት ይበልጥበታልና። ከዚሁ ቤተ ሙከራ የወጣ መያዣ በ2014 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በመስታወት ግድግዳ ላይ አውጥቷል፤ አየር መጥጦ የሚይዝ መሣሪያ ሊሠራበት በማይችለው ሕዋም የተበላሹ ሳተላይቶችን ለመያዝ ይረዳ እንደሆነ በናሳ ተመራማሪዎች ተሞክሯል።

ከጌኮ እግር የሚገኘው ትምህርት በእግር ለሚሄዱ ሮቦቶችም ይደርሳል። ለብዙ ዓመታት መሐንዲሶች መራመድን የስሌት ጉዳይ አድርገው ያዩት ነበር፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በየቅጽበቱ የት መሆን እንዳለበት አስልቶ ያዝዛል፣ ሞተሩ ይፈጽማል። እንዲህ የተሠሩት ማሽኖች ቀርፋፎች፣ ጉልበት አባካኞችና በትንሽ ድንጋይ የሚሰናከሉ ሆኑ። ታድ ማክጊር በ1990 ይህን አስተሳሰብ ከሥሩ የሚያናጋ ነገር አሳየ። ሞተርም፣ ኮምፒውተርም፣ ሴንሰርም (ማለትም ሁኔታን የሚለካ መሣሪያ) የሌለው፣ እግሮቹ ብቻ በልክ ተመጥነው የተሠሩለት ማሽን በጥቂት ያዘነበለ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ በመሬት ስበት ብቻ እየተወዛወዘ እንደ ሰው ተራመደ። መራመድ በአብዛኛው በአጥንት ርዝመትና በክብደት አቀማመጥ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ሮበርት ፉል በካሊፎርኒያ በርክሌይ በረሮዎችን ሲያስሮጥ ያገኘውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። በረሮ በሸካራ ሜዳ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ስትሮጥ፣ ስህተትን የሚያርመው ትእዛዝ ከነርቭ ደርሶ እስኪፈጸም ጊዜ አይበቃም፤ የእግሯ ሞላነት፣ ማለትም ተለጥጦ ወይም ተጫጭኖ የመመለስ ባሕርይው፣ ግጭቱን ራሱ ውጦ አካሏን ወደ መንገዱ ይመልሳል። ከዚህ ግኝት የተወለደው ሬክስ የተባለው ባለ ስድስት እግር ሮቦት በረሮን በመልክ ጨርሶ አይመስልም። እግሮቹ የግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው ሞላዎች ሲሆኑ ለእያንዳንዱ አንድ ሞተር ብቻ ተሰጥቶታል፤ ቢሆንም በረሮዋን መስለው ከተሠሩ በርካታ ማሽኖች ይልቅ አሠራሯን የወሰደው እርሱ ስለሆነ ድንጋይና ጉድጓድ ባለበት ሜዳ ይሮጣል። መልክን በመቅዳትና አሠራርን በመቅዳት መካከል ያለው ርቀት በዚህ ጎልቶ ይታያል።

እስካሁን የተነሡት ምሳሌዎች እንስሳው ለማሽኑ የሰጠውን ያሳያሉ። ማሽኑ ለእንስሳው ጥናት የሰጠው ደግሞ በሎዛን ከተማ በአውከ አይስፔርት ቡድን ከተሠራው የሳላማንደር ሮቦት በግልጽ ይታያል። ሳላማንደር በውኃም በየብስም የሚኖር፣ ዓሦች ወደ ምድር ሲወጡ የተጓዙበትን መንገድ ለማጥናት የሚረዳ እንስሳ ነው። በውኃ ውስጥ እግሩን ወደ ኋላ አጥፎ ሰውነቱን እያማታ ይዋኛል፤ በምድር ላይ ዘገም ብሎ ይራመዳል። የነርቭ ተመራማሪዎች በአንጎሉ ውስጥ አንድን ስፍራ በኤሌክትሪክ ሲነኩት፣ ንኪው ደካማ ሲሆን እንደሚራመድ፣ ሲበረታ ደግሞ ወደ ዋና እንደሚሸጋገር አስተውለው ነበር፤ አንድ ዓይነት ትእዛዝ በመጠኑ ብቻ ተለይቶ ሁለት የተለያዩ አካሄዶችን እንዴት እንደሚያስገኝ ግን አልተረዱትም። በ2007 የታተመው ጥናት መልስ የሚሆን ሐሳብ አቀረበ። በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያለ አንጎል ዝርዝር ትእዛዝ ምት የሚያወጡ የነርቭ ስብስቦች አሉ፤ እግርን የሚያንቀሳቅሱት ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መምታት የማይችሉ ከሆነ፣ ትእዛዙ ሲበረታ እነርሱ ዝም ይላሉ፣ የግንዱ ስብስብ ብቻውን ይቀጥላል፣ እንስሳውም ይዋኛል። ሐሳቡ እውነት መሆን አለመሆኑን በወረቀት ብቻ መወሰን ስለማይቻል፣ ቡድኑ ይህንኑ ሥርዓት የተሸከመ ሮቦት ሠርቶ ከምድር ወደ ሐይቅ እንዲገባ አደረገው፤ ትእዛዙ በመጠን ብቻ ሲለወጥ ሮቦቱ ከመራመድ ወደ መዋኘት ተሸጋገረ። ከዚህ በኋላ ሐሳቡ የሚደገፍበት አካል አገኘ።

በሰሜን አፍሪካ የጨው ሜዳዎች ላይ የምትኖረው ካታግሊፊስ የተባለች የበረሃ ጉንዳን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባት ናት። መሬቱ በቀትር ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግልና ሽታው ፈጥኖ ስለሚተን፣ እንደ ሌሎች ጉንዳኖች የሽታ ዱካ ጥላ መመለስ አይቻላትም፤ በምታድንበት ሜዳ ላይም ምልክት የሚሆን ዛፍ ወይም ድንጋይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቢሆንም በሙቀት የሞቱ ነፍሳትን ፍለጋ እየተጠማዘዘች በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር መንገድ ከሄደች በኋላ፣ ምግቧን እንዳገኘች ዞራ ቀጥ ባለ መስመር ወደ ጎጆዋ ትሮጣለች። አንጎሏ ከአንድ ሚሊግራም በታች ይመዝናል። ሩዲገር ቬነር ከ1969 ጀምሮ በቱኒዚያ ለዐሥርት ዓመታት የመረመራት ይህች ጉንዳን በየእርምጃው የምትሄድበትን አቅጣጫና ርቀት እየደመረች ጎጆዋ በየት በኩልና በምን ያህል ርቀት እንዳለ ሁልጊዜ ታውቃለች።

አቅጣጫውን የምታነበው ከሰማይ ነው። የፀሐይ ብርሃን ከአየር ሞለኪውሎች ጋር ተጋጭቶ ሲበተን፣ ማዕበሉ በሁሉም አቅጣጫ መርገብገቡን ትቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል፤ ይህ ፖላራይዝድ ብርሃን ይባላል፣ በሰማይም ላይ ፀሐይን ተከትሎ የሚሽከረከር ሥርዓት ይሠራል። የሰው ዓይን ይህን አያይም፤ ንቦች እንደሚያዩት ግን በኋላ በ1973 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1940ዎቹ መጨረሻ አሳይቷል፤ የበረሃ ጉንዳንም ከዓይኗ ላይኛው ጠርዝ ባለ ልዩ ክፍል ታነበዋለች። ርቀትን እንዴት እንደምትለካ ግን ለረዥም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ2006 ማቲያስ ቪትሊንገር፣ ቬነርና ሃራልድ ቮልፍ ባደረጉት ሙከራ ብርሃን ተፈነጠቀበት። ጉንዳኖቹ ከጎጆ ተነሥተው 10 ሜትር ርቆ ወደ ተቀመጠ ምግብ በቀጭን መንገድ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ምግቡ ዘንድ ሲደርሱ ተያዙና የአንዳንዶቹ እግር የዐሣማ ፀጉር በሙጫ ተቀጥሎበት ረዘመ፣ የሌሎቹ ተቆርጦ አጠረ። ሲመለሱ እግራቸው የረዘመው ጎጆውን አልፈው 15 ሜትር ገደማ ሄደው መፈለግ ጀመሩ፤ ያጠረባቸው 6 ሜትር እንኳ ሳይሞሉ ቆመው ዙሪያቸውን ያስሱ ጀመር። በቁጥር ያወጡት እርምጃ ያው ነበር፤ የተለወጠው የእርምጃው ርዝመት ነው። እነዚሁ ጉንዳኖች በተለወጠ እግራቸው ከጎጆ ተነሥተው ሲሄዱና ሲመለሱ ደግሞ ርቀቱን በትክክል መቱት።

በማርሴይ የሚገኙ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2019 ይፋ ያደረጉት አንትቦት የተባለ ባለ ስድስት እግር ሮቦት ይህን ዕውቀት በአካል አቅርቦታል። ሮቦቱ 2.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ጂፒኤስም ካርታም የለውም። አቅጣጫ የሚያነበው አልትራቫዮሌት ብርሃን በሚቀበሉ ሁለት ሴንሰሮች ሲሆን፣ በላያቸው ፖላራይዝድ ብርሃን የሚለዩ ማጣሪያዎች ይሽከረከራሉ፤ ርቀቱን እርምጃውን በመቁጠርና መሬቱ በሥሩ ሲያልፍ የሚታይበትን ፍጥነት በመለካት ያውቃል። እስከ 14 ሜትር የሚደርስ ጠማማ መንገድ ከሄደ በኋላ ወደ ተነሣበት ስፍራ ሲመለስ የሚሳሳተው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። የዚህ ጥቅም ለቴክኖሎጂው ብቻ አይደለም። ሁለት የብርሃን መቀበያ ብቻ ይዞ ይህን ያህል ማድረግ መቻሉ፣ ከአንድ ሚሊግራም ያነሰ አንጎል ይህን ሥራ እንዴት ይበቃዋል ለሚለው ጥያቄ ከብዙ ክርክር የተሻለ መልስ ሰጥቷል።

ማሽን ወይም ሕንፃ የሚመሰክረው ግን ሁልጊዜ የሰውን ዕውቀት በማጽናት አይደለም። በ1996 በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ የተከፈተው ኢስትጌት የተባለ የሱቆችና የቢሮዎች ሕንፃ ከምስጥ ኩይሳ የተቀዳ ተብሎ በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳል። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የተለመደውን የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ በመተው ሕንፃው በወፍራም ግድግዳና በጭስ ማውጫ መሰል ቱቦዎች እንዲቀዘቅዝ አድርጎታል፤ ሐራሬ በከፍታ ላይ ያለች ስለሆነ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፣ ሌሊት ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን አየር በኮንክሪቱ ውስጥ ያሳልፉታል፣ ኮንክሪቱም ቅዝቃዜውን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሰጠዋል። መነሻ የሆነው ማርቲን ሉሸር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ በ1961 ያቀረበው ሐሳብ ነበር፤ ሐሳቡም የምስጦቹና የሚያለሙት ፈንገስ ሙቀት አየሩን በኩይሳው መካከል ወደ ላይ ያነሣዋል፣ በጎን ቀዝቅዞ ይወርዳል፣ ጎጆውም እንዲሁ ይቀዘቅዛል የሚል ነው። ስኮት ተርነር በናሚቢያ ኩይሳዎች ላይ ባደረገው ልኬት ያገኘው ከዚህ የተለየ ነው። ምስጦቹ የሚኖሩት ከኩይሳው ሥር በመሬት ውስጥ ሲሆን፣ የጎጆው ሙቀት በዙሪያው ያለውን አፈር ሙቀት ተከትሎ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል፤ ከላይ የቆመው ኩይሳ ዋና ሥራው የነፋስን መነሣትና መቀነስ ተጠቅሞ የታፈነውን አየር ማውጣትና ንጹሑን ማስገባት፣ ማለትም መተንፈስ ነው። በ2015 በሕንድ ኩይሳዎች ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚያ ያሉትን የሚያስተነፍሳቸው የቀንና የሌሊት ሙቀት መፈራረቅ መሆኑን አሳየ። ሕንፃው ሠርቷል፣ ዛሬም ይሠራል፤ የሠራው ግን መሐንዲሶቹ አየርንና ኮንክሪትን በትክክል ስላወቁ እንጂ ምስጥን በትክክል ስላወቁ አይደለም። ይህን መናገር የሕንፃውን ክብር አይቀንስም፤ ለእንስሳው የሚገባው ፍትሕ ግን በማስታወቂያ ተሸፍኖ እንዳይቀር ያደርጋል።

ምስጥ ለሮቦት የሰጠው ሌላ ነገርም አለ። ኩይሳ የሚሠሩት ምስጦች አለቃም ሆነ ፕላን የላቸውም፤ ፈረንሳዊው ፒየር ፖል ግራሴ በ1959 እንዳስረዳው፣ አንዱ ምስጥ ያስቀመጠው ጭቃ ራሱ ለሚቀጥለው ምስጥ ቀጥሎ ምን መሠራት እንዳለበት ይነግረዋል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጀስቲን ቨርፈል፣ ክርስቲን ፒተርሰንና ራዲካ ናግፓል በ2014 ይፋ ያደረጓቸው ትናንሽ ሮቦቶች በዚሁ ሥርዓት ጡብ ይደረድራሉ። እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ የሚያዛቸው ማዕከልም የለም፤ እያንዳንዱ በፊቱ ያለውን የጡብ ከፍታ እያየ በጥቂት ሕጎች ብቻ ይወስናል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ሥራውን ይቀጥላሉ።

ከጉም ውኃ የምትቀዳው የናሚብ በረሃ ጥንዚዛ ታሪክም ከኢስትጌት ጋር ይቀራረባል። በ2001 አንድሩ ፓርከርና ክሪስ ሎውረንስ ባወጡት ጽሑፍ፣ በጀርባዋ ላይ ውኃ የሚስቡ ጉብታዎችና ውኃ የሚገፉ ሰም መሰል ስርጉዶች ስላሉ ጠብታው በጉብታው ላይ አድጎ ወደ አፏ ይወርዳል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ በርካታ ሰው ሠራሽ ገጾች በዚህ አምሳል ተሠሩ፣ ውኃም በመሰብሰብ ረገድ ጥሩ ውጤት አሳዩ። በ2010 ግን ተመራማሪዎች አራት የጥንዚዛ ዓይነቶችን በጉም ውስጥ አስቀምጠው ሲያነጻጽሩ፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች ደፍታ ጀርባዋን ለጉሙ የሰጠችው ጉብታ የሌላት፣ ጀርባዋ የለሰለሰው ከኦኒማክሪስ ወገን የሆነች አንዲት ዓይነት ብቻ ሆና ተገኘች፤ በጀርባቸው ላይ የሚጠራቀመው ውኃ ደግሞ በዓይነቶቹ መካከል ጎልቶ አልተለየም። ወሳኙ የጀርባው ቆዳ ሳይሆን የእንስሳዋ አቋቋም ነበር።

ከጉም ውኃ ከመሰብሰብ ሐሳብ የተነሣ አንድ ሥራ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ ስሙን ከዋርካ ዛፍ የወሰደውን ዋርካ ውኃ የተባለ ማማ በ2015 በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ በምትገኘው በዶርዜ አቁሟል። ማማው ከቀርከሃ የተጠላለፈ አካል ያለው ሲሆን፣ በውስጡ በተዘረጋው መረብ ላይ ጉምና ጤዛ ተጠራቅመው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ለንድፉ መነሻ ከተደረጉት መካከል የናሚብ ጥንዚዛና የምስጥ ኩይሳ ይገኙበታል። ከእነዚህ ከሩቅ ከመጡ አርአያዎች ይልቅ ለሥራው የቀረበው ግን የዶርዜ ሰዎች የራሳቸው የቀርከሃ ሙያ ይመስላል። የዶርዜ ቤት ከሥር እስከ ጫፍ ከቀርከሃ ተጠልፎ፣ በእንሰት ቅጠል ተከድኖ፣ በፊቱ ወጣ ያለው መግቢያ ከዝሆን ግንባር ጋር እንዲመሳሰል ሆኖ ረዥም ተደርጎ ይሠራል። ምስጥ ከሥር እየበላው ሲሄድ ቤቱ ዓመት በዓመት ዝቅ ይላል፤ ሠሪዎቹ ይህን አስቀድመው አውቀው ከፍ አድርገው ስለሚጀምሩት ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል፣ አስፈላጊም ሲሆን በሰው ትከሻ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል። የምስጥን ጠባይ አጥንቶ ቤት መሥራት ከተባለ፣ የዶርዜ ሙያ ከኢስትጌት ይልቅ ምስጡን ያወቀ ነው፤ የምሕንድስናና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች አብረው ሊያጠኑት የሚገባ ጉዳይም ነው።

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የከበደው ያልተፈታ ጥያቄ የኃይል ነው። በሃርቫርድ በሮበርት ውድ ቤተ ሙከራ የተሠራችው ሮቦቢ የተባለች ንብ መሰል ሮቦት 80 ሚሊግራም ትመዝናለች፤ ክንፏን በሰከንድ 120 ጊዜ ያህል የሚያርገበግብላት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚታጠፍ የሴራሚክ ጡንቻ ነው። በ2013 በአየር ላይ ቆማ መብረሯ ሲገለጽ ኃይሏን የምታገኘው በምድር ላይ ከቀረ ምንጭ በቀጭን ሽቦ ነበር። በ2019 አራት ክንፍ ያላት ተከታይዋ ከሽቦው ተላቃ በጀርባዋ በተሸከመችው የፀሐይ ብርሃን መቀበያ በረረች፤ ለመብረር ግን ከተለመደው የፀሐይ ብርሃን ሦስት እጥፍ ያህል የሚያበራ መብራት ያስፈልጋት ነበር፣ በረራዋም ከአንድ ሰከንድ አልበለጠም። ከአበባ የቀሰመችውን ጣፋጭ ፈሳሽ እያቃጠለች ከማለዳ እስከ ምሽት በሜዳው የምትመላለሰው ንብ፣ ይህን ያህል ኃይል በዚያች ትንሽ አካል ውስጥ ተሸክማ እንዴት እንደምታብቃቃው በአካል ሊያሳይ የሚችል ማሽን ገና አልተሠራም።